የኤሌክትሮን ጅረት በትምህርት መጽሐፍና በሙላጎ ኮረብታ

ማይክል ኔልከንና ፊሊፕ ፓርከር የደረሱትና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1958 የታተመው «አድቫንስድ ሌቭል ፊዚክስ» የተሰኘው መጽሐፍ በካምፓላ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ዕትሞቹ በየጊዜው እየታረሙና እየተሻሻሉ ወጥተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን መጽሐፉን በሙሉ አይደለም። ሒሳችን የሚያተኩረው ስለ ኤሌክትሮን ጅረት በሚያስተምረው ክፍልና ይህንኑ ክፍል በክፍል ውስጥ በምናስተምርበት ዘዴ ላይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ክፍል ለሒስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከካቶድ ስለሚፈልቅ ኤሌክትሮን፣ ስለ ቫክዩም ዳዮድና ስለ ኦሲሎስኮፕ ቱቦ የሚያወሳው ትምህርት ዛሬ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚል አስተያየት በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ ይሰማል። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ከየቤቱ ወጥቶ በጠፍጣፋው ተተክቷል፤ በራዲዮም ውስጥ የቫልቭን ቦታ ትራንዚስተር ከያዘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ «ለምን እናስተምረዋለን?» ይባላል። ጥያቄው የኡጋንዳ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም በቀድሞው የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቫክዩም ቱቦና ስለ ካቶድ ጨረር የሚያስረዳ ክፍል ነበረ፤ ያንን ክፍል ለፈተና ብቻ ሸምድዶ ያለፈው ተማሪም ብዙ ነው።

የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። የሞተው የቴሌቪዥኑ ቱቦ እንጂ ትምህርቱ አይደለም። የመጽሐፉ ጉድለት አሮጌ ነገር ማስተማሩ ሳይሆን መንገዱን ከግማሽ ላይ ማቆሙ ነው።

በቅድሚያ ግን የመጽሐፉን በጎ ጎን መናገር ተገቢ ነው። የጄ. ጄ. ቶምሰንን የ1897 ሥራና የሚሊካንን የዘይት ጠብታ ሙከራ ተማሪው ደረጃ በደረጃ እንዲከተል አድርጎ ያቀርባል። በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሮን ልክ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቀስት ሠርቶ እንደሚሄድ፣ በመግነጢስ መስክ ውስጥ ግን ክብ እንደሚሠራ የሚያስረዳበት አካሄድ ግልጽና ንጹሕ ነው። ቁጥር የማይፈራ ተማሪ ከዚህ ክፍል ብዙ ይጠቀማል።

ጉድለቱ የሚጀምረው የኤሌክትሮኑ ጅረት ወዴት ይሄዳል ብለን ስንጠይቅ ነው። በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ጅረቱ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ፣ ይኸውም ወደ እስክሪኑ ነው። ኤሌክትሮኑ እንደ ብዕር ይቆጠራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየታጠፈ በመስተዋቱ ላይ መስመር ይጽፋል። ከዚያ መስተዋቱን ይመታና ታሪኩ ያበቃል። ይሁንና ያ ጅረት ጉልበት ተሸክሟል። ጉልበቱ ተወስዶ ለሌላ ሥራ ሊውል አይችልምን? ተማሪው ይህን እንዲጠይቅ የሚጋብዘው አያገኝም። የከፍተኛ ኃይል ማይክሮዌቭ ማጉያዎች ሁሉ የተወለዱት ግን ከዚህ ጥያቄ ነው።

መልሱን ለማየት በመጀመሪያ የተለመደው ባለ ሦስት ተርሚናል ቫልቭ፣ ማለት ትራዮድ፣ የት ላይ እንደሚሸነፍ እንመልከት። ስሌቱ ተማሪው አስቀድሞ በሚያውቀው ቀመር የሚሠራ ነው። ከዕረፍት የተነሣ ኤሌክትሮን በ100 ቮልት ሲጎተት መጨረሻ ላይ በሰከንድ 5.9 ሚሊዮን ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ አማካይ ፍጥነቱ የዚህ ግማሽ ነው። እንግዲህ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ክፍተት ለማቋረጥ የአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ሢሶ ያህል ይወስድበታል። በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ፣ ማለትም የ3 ጊጋኸርዝ ሞገድ፣ አንድ ዙር የሚፈጽመውም ልክ በዚህን ያህል ጊዜ ነው። ኤሌክትሮኑ ትእዛዝ ተቀብሎ ክፍተቱን ሳይሻገር ትእዛዙ ተገልብጦ እንደገና ይመለሳል። በዚህ ድግግሞሽ ቫልቩ ሊታዘዝ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍተቱን ማጥበብ ይቻላል፤ ግን ጠባብ ክፍተት ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለማይችል ኃይሉም ያንሳል።

በ1935 አግኔሳ አርሴንየቫ ሃይልና ባለቤቷ ኦስካር ሃይል ያሳተሙት ጥናት፣ በ1937ም በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ራስል ቫሪያንና አብራሪ የነበረው ወንድሙ ሲገርድ የሠሩት መሣሪያ ችግሩን ገልብጠው አዩት። ኤሌክትሮኑ መንገድ ላይ ጊዜ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ያ ጊዜ ራሱ ለምን ሥራ አይሠራም? ዩኒቨርሲቲው ለቫሪያን ወንድማማቾች የሰጠው ቤተ ሙከራና የ100 ዶላር ዕቃ መግዣ ነበር። የዊሊያም ሃንሰን የመዳብ አስተጋቢ ጓዳም ለሥራቸው መሠረት ሆናቸው። መሣሪያው ክላይስትሮን ተባለ፤ ስለ እርሱ የጻፉትም በ1939 ታተመ።

አሠራሩን ለተማሪ ለማስረዳት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከካምፓላ ታክሲ ተራ ወደ ሙኮኖ የሚሄዱ ሦስት ታክሲዎችን እናስብ፤ ርቀቱን 20 ኪሎሜትር እንበል። የመጀመሪያው በ2 ሰዓት ተነሥቶ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ይጓዛል። ሁለተኛው በ2 ሰዓት ከ10 ተነሥቶ በሰዓት 60፣ ሦስተኛው በ2 ሰዓት ከሩብ ተነሥቶ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ይጓዛል። ሦስቱም ሙኮኖ የሚደርሱት በአንድ ጊዜ፣ ልክ በ2 ሰዓት ተኩል ነው። ተራርቀው የተነሡት በመንገድ ላይ መንጋ ሆኑ። ማንም መንገድ ላይ አልነካቸውም፤ በመነሻው ላይ የፍጥነት ልዩነት ብቻ ተሰጣቸው።

በክላይስትሮን ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በአንደኛው ጓዳ ውስጥ ደካማው ሞገድ አንዳንዱን ኤሌክትሮን በጥቂቱ ያፈጥናል፤ አንዳንዱን በጥቂቱ ያዘገያል። ከዚያ በባዶው መንገድ ሲጓዙ ፈጣኖቹ በዘገዩት ላይ ይደርሱባቸዋል፤ እኩል ይፈስ የነበረው ጅረት ተከታታይ መንጋ ይሆናል። በመጨረሻው ጓዳ አፍ ላይ እያንዳንዱ መንጋ ሲደርስ የሚገጥመው የኤሌክትሪክ መስክ የሚያቆመው እንጂ የሚገፋው አይደለም። መንጋው ፍጥነቱን ያጣል፤ ያጣው ጉልበት ወደ ሞገዱ ይገባል። ገብቶ የነበረው ደካማ ሞገድ በብዙ ሺህ እጥፍ ጎልቶ ይወጣል። የታክሲዎቹን ጉዞ በርቀትና በጊዜ ግራፍ ላይ ያሰመረ ተማሪ፣ የክላይስትሮን ባለሙያዎች አፕልጌት ዲያግራም የሚሉትን ሥዕል ሳያውቀው ሠርቷል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የንድፍ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ትልቁ ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉም ሆነ በፈተናዎቻችን የተለመደው ቃል «አስላ» የሚለው ነው፤ «ምረጥ» የሚለው ግን እምብዛም አይገኝም። ቮልቴጁ ይሰጣል፤ ፍጥነቱ ይጠየቃል። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ግን ቮልቴጁን የሚሰጠው የለም፤ ራሱ መርጦ የምርጫውን ዕዳ ይከፍላል። ሦስቱ ታክሲዎች ሙኮኖን አልፈው ቢቀጥሉ ፈጣኑ ይቀድማል፤ መንጋውም ይበተናል። ስለዚህ የመጨረሻው ጓዳ የት ይቀመጥ? በተጨማሪም ኤሌክትሮኖች እንደ ታክሲ አይደሉም። ሁሉም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እየተቀራረቡ ሲሄዱ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ መንጋውም እንዳይጠብቅ ይታገላሉ። ጅረቱ ወደ ግድግዳው እንዳይሰፋ በዙሪያው የመግነጢስ መስክ መኖር አለበት።

የዚህ ምርጫ ቁልፍ ተማሪው ሳያስተውለው በእጁ ይዞታል። ስለ ቫክዩም ዳዮድ ሲማር የሚስለው የኮረንቲና የቮልቴጅ ግራፍ የሚከተለው ቻይልድ በ1911፣ ላንግሙየር በ1913 የገለጹትን ሕግ ነው። ካቶዱ በበቂ ከጋለ ቮልቴጁ 4 እጥፍ ሲሆን ኮረንቲው 8 እጥፍ ይሆናል። ይህ ግራፍ በክፍል ውስጥ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ለመሣሪያ ሠሪው ግን የሥራው የመጀመሪያ ገጽ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የመስመር አክስለሬተር ማዕከል ከ3 ኪሎሜትር በላይ ለሚረዝመው ማሽኑ የሠራው 5045 የተባለው ክላይስትሮን በ350,000 ቮልት ይሠራል፤ የኤሌክትሮን ጅረቱ ኮረንቲ 414 አምፔር ያህል ነው። ሁለቱን ብናባዛ የጅረቱ ኃይል 145 ሚሊዮን ዋት ይሆናል። በማይክሮዌቭ መልክ የሚወጣው 65 ሚሊዮን ዋት ሲሆን፣ ይህም ከመቶ 45 ያህል ነው። ይህ ኃይል የሚቆየው በአንድ ምት 3.5 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 180 ምት ቢኖር አማካዩ የጅረት ኃይል 91 ሺህ ዋት ያህል፣ አማካዩ የሞገድ ኃይል 41 ሺህ ዋት ያህል ይሆናል። ልዩነቱ፣ ማለትም 50 ሺህ ዋት፣ በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ኤሌክትሮኖቹ በሚያርፉበት መዳብ ውስጥ ይቀራል። የሚጎላው ሞገድ በድንገት ቢቋረጥ ደግሞ 91 ሺሁ ዋት በሙሉ እዚያው ይወርዳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ውሃ የሚታሰበው ለደኅናው ቀን ሳይሆን ለክፉው ቀን ነው።

ታዲያ ለምን 350,000 ቮልት? ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ኮረንቲውን ማብዛት ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ኮረንቲ ማለት ብዙ መገፋፋት ነው፤ መንጋው ይላላል፤ ከጅረቱ ወደ ሞገዱ የሚገባው ድርሻም ይቀንሳል። ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ደግሞ መንጋውን ያጠብቃል፤ ነገር ግን ብልጭታ ይበዛል፤ የኤክስሬይ መከላከያው እርሳስ ይወፍራል፤ ቱቦውም ይረዝማል። ከሁለቱ ዕዳ አንዱን መሸከም ግድ ነው። ለአንድ መልስ ሳይሆን ለአንድ ሚዛን የሚሠራ ተማሪ የምናፈራው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው።

በዚሁ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገርም ይገለጣል። በ350,000 ቮልት የተጎተተን ኤሌክትሮን ፍጥነት በተለመደው የእንቅስቃሴ ጉልበት ቀመር ብናሰላው ከብርሃን ፍጥነት 1.17 እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሊሆን አይችልም። በአይንሽታይን ሕግ ሲታረም 0.8 እጥፍ ያህል ነው። ሬላቲቪቲ ሩቅ ስላለ ኮከብ የሚነገር ተረት የሚመስለው ተማሪ፣ አንድ የመዳብ ቱቦ በትክክለኛው ርዝመት ለመሥራት የግድ እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ያያል። የተለመደው ቀመር የሚያገለግልበትን ወሰን በግልጽ ማሳየት የመጽሐፉም የመምህሩም ፋንታ ነው።

ይህ ሁሉ ለካምፓላ ተማሪ ምኑ ነው የሚል ይኖራል። መልሱን ለማግኘት ከማኬሬሬ ኮረብታ ጎን ወዳለው ወደ ሙላጎ ኮረብታ መመልከት ይበቃል። ዴኒስ በርኪት በ1958 በስሙ የተጠራውን የሕፃናት ካንሰር የገለጸው በሙላጎ ሲሠራ ነበር፤ የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩትም በ1967 የተቋቋመው እዚያው ነው። በሙላጎ ለጨረር ሕክምና ያገለግል የነበረው ብቸኛው የኮባልት ማሽን በ2016 ከጥገና በላይ ሆኖ ተበላሸ። ከውጭ የመጣው ምትክ በይፋ ሥራ የጀመረው በጥር 2018 ነበር። በመካከሉ የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገው በሽተኛ አቅም ካለው ወይም ረዳት ካገኘ ወደ ናይሮቢ ይሄድ ነበር፤ ያላገኘው ግን ቀረ። በኢትዮጵያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ስለቆየ፣ ወረፋ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ አያጣውም።

ከዚያ ወዲህ ኢንስቲትዩቱ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉትን ማሽኖች ለሥራ አውሏል። የኮባልቱ ማሽን ጨረር የሚመነጨው በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ከሚቀንስ ራዲዮአክቲቭ ብረት ነው፤ አዲሱ ማሽን ግን ጨረሩን በኤሌክትሪክ ይሠራል። የዚህ ማሽን ልብ ክላይስትሮን ወይም ማግኔትሮን ነው። ማግኔትሮን፣ ራንዳልና ቡት በ1940 በበርሚንግሃም ያሻሻሉት መሣሪያ፣ ሞገድ አጉሊ ሳይሆን ሞገድ አመንጪ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ያው ከኤሌክትሮን ጅረት ነው። ሁለቱም በ3 ጊጋኸርዝ አካባቢ ለጥቂት ማይክሮሰከንድ ጥቂት ሚሊዮን ዋት ይሰጣሉ። ያ ሞገድ በሌላ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። በክላይስትሮኑ ውስጥ ኤሌክትሮኑ ጉልበቱን ለሞገዱ ሰጥቶ ነበር፤ እዚህ ሞገዱ ጉልበቱን ለሌላ ኤሌክትሮን ይሰጣል። የፈጠነው ኤሌክትሮን ቱንግስተን ሲመታ ዕጢውን የሚያጠፋው ኤክስሬይ ይወጣል። በ1953 በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል፣ በ1956 በስታንፎርድ በዐይን ካንሰር ለታመመ ሕፃን የተጀመረው ሕክምና መሠረቱ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን የማይቋረጥ መብራት፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጥብቅ ቫክዩም ይፈልጋል፤ ካቶዱም በሥራ ብዛት ያረጃል። ስለዚህ ማሽን መግዛት የሥራው ግማሽ ነው። ግማሹ ደግሞ ኃይሉ ሲቀንስ ምክንያቱ ከካቶዱ ይሁን ከቮልቴጁ ወይም ከማቀዝቀዣው መለየት የሚችል ሰው ማፍራት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ክላይስትሮን ይጠግናል አንልም። ነገር ግን ነገ የሚጠግነው ሰው ዛሬ እክፍላችን ተቀምጦ ስለ ቫክዩም ዳዮድ «ይህ የሞተ ነገር ነው» ሲባል የሚሰማው ልጅ ነው።

የተቃራኒውንም ወገን ሐሳብ በትክክል እንመዝን። ትራንዚስተር በየዓመቱ እየበረታ ነው፤ በአነስተኛ ኃይልና ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ብዙ ቦታ ከቱቦ ወስዷል፤ ገናም ይወስዳል። ቢሆንም በ3 ጊጋኸርዝ በአንድ ምት ብዙ ሚሊዮን ዋት ሲፈለግ ሥራው እስካሁን የቱቦ ነው። በኅዋም ቢሆን ሩዶልፍ ኮምፕፍነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር የፈለሰፈው ተጓዥ ሞገድ ቱቦ በብዙ የመገናኛ ሳተላይቶች ላይ ያገለግላል። ከሙኮኖ ብዙም ሳይርቅ ምፖማ ላይ እንደተሠራው ባሉ የምድር ጣቢያዎች ውስጥም ወደ ሳተላይት የሚላከውን ሞገድ በእነዚህ ቱቦዎች ማጉላት የተለመደ ነበር። እንግዲህ ትምህርቱ ይሻሻል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ይሰረዝ ማለት ሌላ ነው።

የኡጋንዳ የዝቅተኛው ሁለተኛ ደረጃ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል ተማሪው ዕውቀቱን በተግባር እንዲያሳይ ይጠይቃል። ይህ ለከፍተኛው ክፍል መምህርም መልካም አጋጣሚ ነው። የታክሲውን ግራፍ በሁለት ሳይሆን በአሥር ታክሲ ማሠራት ይቻላል። በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ብሎ ጓዳ የራሱን ድምፅ እንዴት እንደሚመርጥ ማሳየት ይቻላል። «200 አምፔር ብቻ ተፈቅዶልሃል፤ ምን ቮልቴጅ ትመርጣለህ? ምንስ ይጎዳሃል?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ለዚህ ሁሉ ጠመኔና ወረቀት ይበቃል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናስጠነቅቃለን። ለማሳያ ተብሎ የማይክሮዌቭ ምድጃ ወይም ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን በፍጹም መከፈት የለበትም። ከመስመር ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የቀረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰው ይገድላል።

ባጠቃላይ ኔልከንና ፓርከር ለተማሪው ኤሌክትሮኑን አስተዋውቀውታል፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ከእስክሪኑ ባሻገር ያለውን መንገድ ግን መምህሩ መጨመር አለበት። ወደፊት ለዚህ ክፍል መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሁሉ ከኦሲሎስኮፑ ቱቦ ቀጥሎ ሁለት ገጽ ለክላይስትሮን ቢሰጡ፣ ከልምምዶቹም መካከል ቢያንስ አንዱን «አስላ» ሳይሆን «ምረጥና ምክንያትህን ስጥ» ቢያደርጉት፣ ትምህርቱ ከቤተ ሙከራ እስከ ሙላጎ የሕክምና ክፍል የሚያደርስ ይሆናል።